የተራራ ላይ ሬዲዮና የደቡብ ኦሞ ገበሬ

አማተር ሬዲዮ የሚባል ሥራ አለ። ሥራ ይባል እንጂ ደመወዝ የለውም። ሰዎች ከየመንግሥታቸው ፈቃድና የጥሪ ምልክት ተቀብለው፣ በገዛ ገንዘባቸው በገዙት ወይም በእጃቸው በሠሩት መሣሪያ፣ በአየር ሞገድ እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩበት ነው። ዘፈንና ዜና አያሰራጩም፤ ለንግድ የሚሆን መልእክት ማስተላለፍም ክልክል ነው። ከነዚህ መካከል መሣሪያቸውን በጀርባቸው አዝለው ተራራ የሚወጡ አሉ። ይህ የተራራ ላይ ሬዲዮ በ1994 ዓ.ም. በብሪታንያ በደንብ ተቋቁሞ ዛሬ በብዙ አገሮች ተስፋፍቷል። ደንቡ ቀላል ነው። የመጨረሻው አቀበት በእግር ይወጣል፤ በነዳጅ ሞተር ኃይል መሥራት አይፈቀድም፤ ከጫፉ ላይ ሆኖ ቢያንስ ከአራት ጣቢያዎች ጋር የተነጋገረ ሰው ነጥብ ያገኛል።

ይህ ጉዳይ ገበሬውን ምን ያገባዋል የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ከመስጠት በፊት ግን የአገሩን አቀማመጥ መመልከት ይሻላል።

ከጂንካ በስተደቡብ ምዕራብ ያለው የማጎ ብሔራዊ ፓርክ 2,162 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት አለው። የማጎ ተራራ ጫፍ 2,528 ሜትር ከፍታ ሲኖረው፣ የፓርኩ ቆላ ግን ከ500 ሜትር በታች ይወርዳል። ልዩነቱ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። በእጅ የሚያዙ ትንንሽ ሬዲዮኖች የሚጠቀሙበት ሞገድ እንደ ዓይን በቀጥታ ስለሚሄድ፣ ጋራ ከከለለው አያልፍም። ሁለት ሺህ ሜትር ከፍ ካለ ቦታ የሚነሣ ሞገድ ግን፣ በመካከል ሌላ ተራራ ካልገጠመው፣ እስከ 180 ኪሎ ሜትር ሊደርስ ይችላል። ከጂንካ እስከ ኦሞራቴ በአየር ያለው ርቀት ከዚህ ያነሰ ነው። እንግዲህ በሸለቆ ያለ ቀበሌ ከጎረቤቱ ጋር መነጋገር ቢያቅተው፣ ከጫፉ ላይ የቆመ አንድ ሰው የሁለቱንም ድምፅ ሊሰማና ሊያቀባብል ይችላል ማለት ነው።

ወደ ጫፍ መድረሱ ግን ሌላ ነገር ነው። በሰሜን ተራሮች ጭነት በበቅሎ ይወጣል። በማጎ ቆላ በቅሎና አህያ ይዞ መግባት ከብቱን ለሞት አሳልፎ መስጠት ነው፤ ቆላ ዝንቡ ገንዲ ያስይዛቸዋልና። ስለዚህ ባትሪው፣ ውኃው፣ ስንቁና ድንኳኑ ሁሉ በሰው ትከሻ ይጓዛል። በዝናብ ወራት የቆላው ዋልካ አፈር መኪና ስለሚይዝ፣ የእግሩ መንገድ ከታሰበው ሥፍራ ሳይደረስ ይጀመራል። ደጋግሞ የሚዘንበው ከመጋቢት እስከ ግንቦትና እንደገና በመስከረምና በጥቅምት ግድም በመሆኑ፣ ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ ለተጓዥ የተሻለ ነው። በዝናብ ወራት ከመንገዱ ይልቅ የሚያሰጋው መብረቅ ነው። ጫፍ ላይ ሽቦ ዘርግቶ ነጎድጓድ እየሰሙ መቀመጥ ድፍረት ሳይሆን ሞኝነት ስለሆነ፣ ሰማዩ ሲጠቁር ሽቦውን ፈትቶ መውረድ ነው።

ዛፍን በሚመለከት አንድ የተሳሳተ ሐሳብ አለ። ጫፉ በደን ከተሸፈነ ሞገዱ እንዲያልፍ መመንጠር ያስፈልጋል የሚሉ አይጠፉም። እርጥብ ቅጠል በቀጥታ የሚሄደውን ሞገድ እንደሚያዳክም እውነት ነው። መፍትሔው ግን አንቴናውን ከቅርንጫፍ በላይ ከፍ ማድረግ ነው። ሩቅ አገር ለሚደርሰው አጭር ሞገድማ ዛፉ ረዳት ነው፤ አሥር ሜትር ያህል ቀጭን ሽቦ በገመድ በቅርንጫፍ ላይ ይሰቀላል፣ ሥራው ሲያልቅ ይወርዳል። ኃይሉም ብዙ አይደለም። ከአንድ አነስተኛ አምፖል በማይበልጥ በአምስት ዋት ብቻ፣ አየሩ ከተስማማ፣ ባሕር ማዶ ካሉ ሰዎች ጋር መነጋገር ይቻላል። ባትሪውም በፀሐይ ኃይል ይሞላል። ስለሆነም እንጨት ካልቆረጥን አንሠራም የሚል እንግዳ ቢመጣ፣ ሥራውን የማያውቅ ነውና የማኅበሩ መሪ ሊያስቆመው ይገባል።

አሁን ወደ ጥያቄው እንመለስ። በነሐሴ ወር 1998 ዓ.ም. ኦሞ ከአፉ ሞልቶ የዳሰነችን ቀበሌዎች ሲያጥለቀልቅ 364 ሰዎች መሞታቸው ተነግሯል፤ ያለቀው ከብት በሺህ የሚቆጠር ነው። በውኃ የተከበበውን ሕዝብ ለማውጣት ጀልባና ሄሊኮፕተር ተሰማርቶ ነበር። የኦሞ ውኃ የሚጠራቀመው ከሩቅ ደጋ ነው፤ ዝናቡን የሚያየው ደገኛ ነው፣ ጎርፉ የሚወስደው ደግሞ ቆለኛውን ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ ከብት ለማሸሽ የሚበቃው፣ ወሬው ከውኃው ቀድሞ ከደረሰ ብቻ ነው። ዛሬ በላይኛው ኦሞ ግልገል ጊቤ 3 ተገድቧል፤ ሆኖም ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ወንዙ በመሙላቱና የቱርካና ሐይቅም ከፍ በማለቱ ዳሰነች እንደገና ተፈናቅሏል። በጎረቤት ጎፋም ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. የመሬት ናዳ ከ200 በላይ ሰዎች ገድሏል። ከሞቱት ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡ ነበሩ።

ሬዲዮ ጎርፍን አይመልስም፣ ናዳንም አያቆምም። ይሁንና በታኅሣሥ 1997 ዓ.ም. በሕንድ አንዳማን ደሴቶች የሆነው ሊታወስ ይገባል። ባራቲ ፕራሳድ በተባለች ሴት የሚመራ የሕንድ አማተሮች ቡድን ወደዚያ የሄደው ከዓለም ዙሪያ ጋር ለመነጋገር፣ ማለትም ለትርፍ ጊዜ ደስታው ነበር። ታኅሣሥ 17 ቀን የባሕሩ ማዕበል ደሴቶቹን ሲመታና ስልክ ሲቋረጥ፣ ጨዋታውን ትተው በደሴቶቹና በሕንድ ዋና ምድር መካከል መልእክት ማቀባበል ያዙ፤ የብዙ ሰዎችን በሕይወት መኖር ለቤተሰቦቻቸው ያሰሙት እነሱ ናቸው።

እዚህ ላይ ልብ ማለት ያሻል። ቡድኑ የረዳው በዚያ ቀን እዚያው በመገኘቱ ነው። ሁለት ቀን ማጎ ጫፍ ላይ ሰንብቶ ነጥቡን ቆጥሮ የሚሄድ እንግዳ ለዳሰነች አርብቶ አደር ምንም አይተውለትም። የሚተወው ቢኖር ዕውቀት ነው፤ ይህም ከጅምሩ ስምምነት ከተደረገበት ብቻ ነው። ስለዚህ የመሪና የተሸካሚ አበል መጠየቁ ጥሩ ሆኖ፣ በዚያ ብቻ መርካት በርካሽ መሸጥ ነው። በቀበሌው ትምህርታቸውን የጨረሱ ሁለት ወጣቶች ከቡድኑ ጋር ወጥተው፣ አንቴና መስቀልን፣ ባትሪ መያዝን፣ መልእክት አሳጥሮ መናገርንና መመዝገብን ይማሩ ብሎ መደራደር ይቻላል። መነጋገሩን ራሱን ለመጀመር ግን ወጣቶቹም ፈቃድ ያስፈልጋቸዋል።

ፈቃድን በሚመለከት ቀልድ የለም። ያለ ፈቃድ ማሠራጫ መያዝ በሕግ ያስጠይቃል። የአየር ሞገድን የሚቆጣጠረው በ2011 ዓ.ም. አዋጅ የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የአገራችን አማተሮች ማኅበር ያላቸው ሲሆን፣ ኢቲ 3 ኤኤ በሚል ምልክት የሚጠራው የክበብ ጣቢያቸው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ተቋም፣ አምስት ኪሎ ይገኛል። የኢትዮጵያ የጥሪ ምልክት ለውጭ አማተሮች እንደ ልብ የማይገኝ በመሆኑ፣ ከዚህ አገር የሚወጣን ድምፅ በጉጉት ይፈልጉታል። እንግዳው ወደ ተራራችን ለመምጣት ያለው ጉጉት ለድርድሩ የሚረዳን አንድ ምክንያት ይህ ነው።

ሽቦ ተሸክሞ ጫካ የሚገባ ሰው ሲታይ ወርቅ ፈላጊ ነው ወይም ሰላይ ነው የሚል ወሬ ቶሎ ይነዛል። ወሬው ሳይነሣ የማኅበሩ መሪ የጥሪ ምልክት ያለበትን ፈቃድ፣ ከወረዳው የተጻፈውን ደብዳቤና፣ ጫፉ በፓርኩ ክልል ከሆነ የፓርኩን መግቢያ አይቶ ለሕዝቡ ቢያስረዳ ከብዙ ጣጣ ይድናል። በአሪ በኩል ባቢ ተብለው የሚጠሩትን ባህላዊ መሪዎች፣ በሌላውም ወገን የአገር ሽማግሌዎችን አስቀድሞ ማማከር ያስፈልጋል፤ በደን የተሸፈነ ጫፍ ሁሉ ለማንም ክፍት አይደለምና። አይወጣበትም የተባለ ጫፍ ካለ ቡድኑ ሌላ ይምረጥ፤ በደቡብ ኦሞ ተራራ አልጠፋም።