ለአንድ ቤት አንድ ስክሪን

በዚህ ወር ዓምዳችን የምናነሳው ጉዳይ በብዙ ቤት ውስጥ አባትና ልጅን የሚያከራክር ነው። የኮምፒዩተር ስክሪን ሲገዛ ለሥራ የሚሻለውን እንምረጥ ወይስ ለጌም የሚሻለውን?

ባለፈው ክረምት እህቴን ልጠይቅ ነቀምቴ ሄጄ ነበር። ባለቤቷ አነስተኛ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለው። ከደንበኞቹ ብዙዎቹ በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመው የወለጋ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሲሆኑ፣ የቀሩት ማመልከቻና የሽያጭ ውል የሚያጽፉ የከተማውና የገጠሩ ሰዎች ናቸው። የቤቱ ቀለብና የልጆቹ ትምህርት የሚሸፈነው ከዚችው ሱቅ ነው።

በደረስኩበት ሳምንት አንድ የላም ሽያጭ ውል ተጽፎ ነበር። ፊርማ ሊደረግበት ሲል ከምስክሮቹ አንዱ፣ አንድ አዛውንት፣ ወረቀቱን ወደ ብርሃን አስጠግተው አነበቡና «ልጄ፣ ላሚቱ ተሸጠች ወይስ በስጦታ ሄደች?» ሲሉ ጠየቁ። «እንደሸጠ» የሚለው ቃል «እንደሰጠ» ተብሎ ተጽፎ ኖሯል! ጸሐፊው የእህቴ ልጅ ነበር። በደበዘዘው አሮጌ ስክሪን ላይ በሸ ራስ ላይ ያለችው ሰረዝ መጉደሏን ልብ አላለም። አዛውንቱ ባያዩት ኖሮ ነገሩ ለክርክር በር ይከፍት ነበር።

በዚያው ምሽት ስክሪኑ እንዲቀየር ተወሰነ። ወጣቱ ግን ያሰበው ሌላ ነው። «አጎቴ፣ እስቲ ለአባባ ይንገሩልኝ፤ ያገለገለ ባለ 27 ኢንች፣ 144 ሄርዝ የሆነ የጌም ስክሪን አግኝቻለሁ» አለኝ። አባት ደግሞ «የሱቁ ገንዘብ ለጨዋታ አይወጣም፤ የሚበራ ከሆነ ርካሹ ይበቃናል» አለ። እኔም ሁለቱን አስቀምጬ አንድ ጥያቄ ጠየቅሁ፦ ይህ ስክሪን በቀን ስንት ሰዓት ለምን ሥራ ይበራል? ቢቆጠር ዘጠኝ ሰዓት ለጽሕፈት፣ አንድ ሰዓት ለኳስ ጌም ሆነ። እንግዲያውስ ምርጫው ከዘጠኙ ሰዓት ይጀምራል ማለት ነው።

ለጽሕፈት ዋናው ነገር ፒክስል የሚባሉት ጥቃቅን የብርሃን ነጥቦች ብዛት ነው። የሱቁ አሮጌ ባለ 18.5 ኢንች ስክሪን በአግድም 1366፣ በቁመት 768 ነጥቦች ነበሩት። ፉል ኤችዲ የሚባለው 1920 በ1080 አለው። አንድ ሙሉ ገጽ ከላይ እስከ ታች ሲታይ ፊደሎቹ በቁመት ቀድሞ ከነበራቸው 1.4 እጥፍ ነጥብ ያገኛሉ። ሰ ከሸ፣ ተ ከቸ፣ ነ ከኘ፣ ደ ከጀ የሚለዩት በትንሽ ሰረዝ ለሆነው ለእኛ ፊደል ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በቁቤ ለሚጻፈው ኦሮምኛም አንድ ተነባቢ ወይም አናባቢ ከጎደለ ትርጉም ይለወጣል።

ወጣቱ የተመኘው ባለ 27 ኢንችም ነጥቡ ያው 1920 በ1080 ነው። በባለ 24 ኢንች ላይ በአንድ ኢንች 92 ያህል ነጥብ ሲኖር፣ በባለ 27ቱ 82 ያህል ብቻ ይሆናል። ስፋቱ ጨመረ እንጂ ዝርዝሩ አልጨመረም፤ በቅርብ ሲታይ ፊደሉ ይሻክራል። 27 ኢንች የሚፈልግ ሰው 2560 በ1440 የሆነውን ቢገዛ ይሻለዋል።

ሄርዝ ማለት ደግሞ ስክሪኑ በሰከንድ ስንት ጊዜ ምስሉን እንደሚያድስ የሚገልጽ ቁጥር ነው። በ60 ሄርዝ በየ16.7 ሚሊ ሰከንድ፣ በ144 ሄርዝ በየ6.9 ሚሊ ሰከንድ አዲስ ምስል ይመጣል። ልዩነቱ እውነት ነው፤ ፈጣን ጌም ለሚጫወት ይታወቃል። ነገር ግን ያን ያህል ምስል አዘጋጅቶ የሚልከው ኮምፒዩተሩ ነው። የሱቁ ኮምፒዩተር የራሱ ግራፊክስ ካርድ የሌለው በመሆኑ ኳሱን 60 ማድረስ እንኳ ያቅተዋል። ለእሱ 144 ሄርዝ መግዛት በቀጭን ምንጭ ሥር ትልቅ ጋን እንደ መደቀን ነው። ፕሌይስቴሽን 4ም ቢሆን ከ60 በላይ አይልክም። ፕሌይስቴሽን 5 ወይም ጥሩ ካርድ ያለው ኮምፒዩተር ካለ ግን ከፍ ያለው ሄርዝ ይጠቅማል።

ከዚህ ሌላ የስክሪኑ ዓይነት ይታይ። አይፒኤስ የሚባለው ከጎን ሲታይ ቀለሙ አይለወጥም፤ ደንበኛው ከጸሐፊው ጎን ቆሞ ለሚያይበት ሱቅም፣ ሁለት ልጆች ጎን ለጎን ለሚጫወቱበት ቤትም ይስማማል። ቲኤን የሚባለው ርካሽና ፈጣን ነው፤ ከጎን ግን ይደበዝዛል። ቪኤ ጥቁሩ ጥሩ ነው፤ በጨለማ ትዕይንት ላይ ግን የሚንቀሳቀሰው ነገር ጥላ ይጎትታል።

ያገለገለ ስትገዙ ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት ግማሽ ሰዓት አብርታችሁ አቆዩት። ሙሉ ነጭ፣ ጥቁር፣ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ አስደርጋችሁ የሞተ ነጥብና የጠቆረ ጠርዝ ፈልጉ። የኮምፒዩተራችሁ መሰኪያ ከስክሪኑ ጋር መግጠሙንም አረጋግጡ። አዲስ አበባ ገዝቶ ነቀምቴ ላይ ጉድለት ያገኘ ሰው 330 ኪሎ ሜትር ያህል መልሶ መውሰድ አለበት፤ ለጊምቢና ለሻምቡ ሰው ደግሞ መንገዱ ከዚህም ይለያል። ሻጮችም ብትሆኑ የዕቃውን ጉድለት ሸሽጎ መሸጥ በዲናችን የተከለከለ መሆኑን አትርሱ።

በመጨረሻ ባለ 24 ኢንች፣ 75 ሄርዝ፣ አይፒኤስ ስክሪን ተገዛ። በተረፈው ገንዘብ አባት ዩፒኤስ ጨመረበት፤ መብራት ድንገት ሲጠፋ ጽሑፉን ለማስቀመጥ ጊዜ ይሰጣልና። ኳሱም አልተከለከለም፤ ሱቁ ተዘግቶ ዒሻእ ከተሰገደ በኋላ አንድ ሰዓት ሆነ። ወጣቱ መጀመሪያ ቅር ብሎት ነበር። በማግስቱ ግን አንድ የመመረቂያ ጽሑፍ ከፍቶ ሙሉውን ገጽ በአንድ ጊዜ ካየ በኋላ፣ ሳይታዘዝ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ያርም ጀመር።

ወላጆች ሆይ! ስክሪኑን ከአንድ ክንድ ርቀት ላይ አኑሩት፤ የላይኛው ጠርዝ ከዓይን ከፍታ አይብለጥ። ልጆቻችሁም በየ20 ደቂቃው 6 ሜትር ያህል ርቆ ያለ ነገር ለ20 ሰከንድ ይመልከቱ። ከመግዛታችሁ በፊት ደግሞ ልጁን አስቀምጣችሁ ሰዓቱን አብራችሁ ቁጠሩ። የተቆጠረ ሰዓት ከብዙ ክርክር ያሳርፋል።