ያልተጠየቀችው ምስክር

ኦቴሎን ያነበበ ወይም መድረክ ላይ ያየ ሰው ተውኔቱ ስለ ምን እንደሆነ ቢጠየቅ ቶሎ የሚመጣለት መልስ ቅናት ነው። በትምህርት ቤትም የምንሰማው ይህንኑ ነው፤ ኦቴሎ ቀናተኛ፣ ኢያጎ ተንኮለኛ፣ ዴዝዴሞና ምስኪን። ይህ መልስ ግን የተውኔቱን እምብርት፣ የ3ኛውን ገቢር 3ኛ ትዕይንት፣ ሊፈታልን አይችልም። በትዕይንቱ መግቢያ ላይ ኦቴሎ ሚስቱ የጠየቀችውን ሁሉ የማይነፍግ ባል ነው። መውጫው ላይ ያው ሰው ተንበርክኮ ለበቀል ይምላል። በሁለቱ መካከል ያለው ከ500 መስመር ያነሰ ቃለ ተውኔት ነው። ቅናት ቀስ ብሎ የሚበላ በሽታ ስለሆነ ለዚህ ፍጥነት ምክንያት ሊሆን አይችልም። ኦቴሎን የጣለው ጥርጣሬን ይዞ አንዲት ሌሊት እንኳ ማደር አለመቻሉ ነው። መጠርጠር የማንም ሰው ዕጣ ነው። ጥፋቱ ያለው አንዲት ጥያቄ ምላሱ ላይ ደርሳ ሳለ መልሶ በመዋጡ ላይ ነው።

ታሪኩን ብዙ አንባቢ ያውቀዋል፤ ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ ከመለሷቸው የሼክስፒር ተውኔቶች አንዱ ነው። ለማስታወስ ያህል፣ ኦቴሎ የቬኒስን ጦር የሚመራ ጥቁር ጄኔራል ነው። የሴናተር ብራባንሲዮን ልጅ ዴዝዴሞናን አባቷ ሳያውቅ አግብቷል። ምክትሉ ካሲዮ ነው፤ ሹመቱን ለራሱ ሲጠብቅ የነበረው ኢያጎ ሰንደቅ ያዥ ሆኖ ቀርቷል። ቱርኮች ቆጵሮስን ሊወጉ ሲመጡ ኦቴሎ ወደ ደሴቲቱ ይላካል፤ ማዕበል የጠላትን መርከቦች ይበትንና ጦርነቱ ሳይጀመር ያልቃል። መከራው ሁሉ የሚደርሰው ውጊያ በሌለበት የጦር ሰፈር ውስጥ ነው።

ወደ 3ኛው ገቢር ከመግባታችን በፊት 1ኛውን ማስታወስ ግድ ይላል። ብራባንሲዮ ልጄን በአስማት ወሰደብኝ ብሎ ኦቴሎን በቬኒሱ መስፍንና በሴናተሮቹ ፊት ይከሰዋል። ከሳሹ የተከበረ የአገሩ ባላባት፣ ተከሳሹ መጻተኛ ነው። ኦቴሎ ግን ድምፁን ከፍ አያደርግም። የሚያቀርበው መከላከያ ቀላል ነው፤ እሷን አስጠሩና በአባቷ ፊት ራሷ ትናገር ይላል። ዴዝዴሞና ትመጣለች፣ ወድጄ ነው ያገባሁት ትላለች፣ ክሱም ይፈርሳል። እሷን እንዲያመጣ የተላከው ሰው ደግሞ ኢያጎ ነው። የዴዝዴሞና ቃል አንድን ከባድ ክስ በጥቂት ደቂቃ ሲያፈርስ ቆሞ አይቷል። ከዚያ በኋላ የሚሠራው ሥራ ሁሉ ያ ቃል እንዳይጠየቅ የማድረግ ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ።

2ኛው ገቢር ደግሞ የልምምድ ያህል ነው። በቆጵሮስ ሌሊት ካሲዮ በኢያጎ ግፊት ይሰክርና ሰው ያቆስላል። ኦቴሎ ከመኝታው ተነስቶ ይመጣል፤ ማን እንደጀመረው ይጠይቃል። ካሲዮ በሀፍረት አፉ ተሳስሯል። ኢያጎ ጓደኛዬን ከምጎዳ ዝም ብል ይሻለኛል እያለ፣ እንደሚሳሳ ሰው እየተቆጠበ፣ ካሲዮን የሚያስጠፋውን ሁሉ ይናገራል። ኦቴሎም እዚያው ቆሞ ካሲዮን ከሹመቱ ይሽረዋል። ለጦር አዛዥ እንዲህ ያለው ቁርጠኝነት የሚያስመሰግን ጠባይ ነው፤ ጦር ሜዳ ላይ የሚያመነታ አዛዥ ወታደሩን ያስፈጃል። ኢያጎ ግን ከዚያች ሌሊት የሚፈልገውን ትምህርት ወስዷል። አዛዡ የሚፈርደው የሰማውን ሳያጣራ እንደሆነ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ለመናገር እያመነታ የሚናገርን ሰው እንደሚያምን አውቋል።

እንግዲህ የ3ኛው ገቢር 3ኛ ትዕይንት ሲከፈት ዴዝዴሞና ለተሻረው ካሲዮ ልታማልድ ቃል ስትገባለት እናያለን። ኦቴሎና ኢያጎ ሲመጡ ካሲዮ አፍሮ ሹልክ ብሎ ይወጣል። ኢያጎ ለራሱ የሚያጉተመትም መስሎ ያየው ነገር እንዳላስደሰተው ያሰማል፤ ምን አልክ ሲባል ምንም ይላል። እሳት ጭሮ ዞር ማለት ይህ ነው። ዴዝዴሞና ይህን ሳታውቅ ልመናዋን ትቀጥላለች፤ ዛሬ ማታ፣ ነገ ምሳ ላይ፣ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ጠዋት እያለች ቀን ትቆርጥለታለች። ይህችን ሴት ምስኪን ብቻ አድርገው የሚያዩ ሰዎች እዚህ ላይ ቆም ቢሉ ደስ ይለኛል። ዴዝዴሞና ደፋር ናት፣ ችክ ማለት ታውቃለች፣ ባሏን የምትሞግተው እንደ እኩያ ነው። ደግነቷ ግን ከአሁን ጀምሮ በተነገረ ቁጥር ማስረጃ እየሆነ ይቆጠርባታል።

እሷ ወጥታ ሁለቱ ወንዶች ብቻቸውን ሲቀሩ የሚጀምረው ንግግር በዓለም የቴአትር ጽሑፍ ውስጥ ካሉት ድንቅ ሥራዎች አንዱ ነው። ኢያጎ አንዲት ቀላል ጥያቄ ያነሳል፤ ካሲዮ ስለ ፍቅራችሁ ከመነሻው ያውቅ ነበር ወይ? ኦቴሎ አዎ ይላል። ኢያጎ የተገረመ ይመስላል። ከዚያ በኋላ ኦቴሎ የሚጠይቀውን ቃል መልሶ ይደግመዋል፤ ታማኝ አይደለም ወይ ሲባል ታማኝ? ይላል፤ ምን ታስባለህ ሲባል ምን አስባለሁ? ይላል። አንድም ክስ አልተሰነዘረም፤ የተሰነዘረው ዝምታ ነው። ክሱን እየገጣጠመ ያለው ኦቴሎ ራሱ ነው። ያሰብከውን ንገረኝ እያለ ያዛል፤ ባዘዘ ቁጥርም አዛዥነቱ ከእጁ እየወጣ ወደ ኢያጎ ይሄዳል። ኢያጎ ይባስ ብሎ ከቅናት ተጠንቀቅ ብሎ ይመክረዋል። መካሪውን ማን ይጠረጥራል? የበሽታውን ስም የነገረው ሰው በሽታውን እያስያዘው መሆኑን ኦቴሎ በምን ያውቃል?

እዚህ ላይ ነው ኦቴሎ ስለ ራሱ ቁልፉን የሚሰጠን። እንደ እኔ ያለ ሰው በጥርጣሬ ሲዋዥቅ አይኖርም፤ ከተጠራጠርኩ አረጋግጣለሁ፣ ካረጋገጥኩ ደግሞ ወይ ፍቅሩን ወይ ቅናቱን ወዲያው እጥላለሁ የሚል ሐሳብ ይናገራል። ሲሰሙት የጀግና ንግግር ነው። አዳምጦ ላስተዋለው ግን ይህ ሰው በማወቅና ባለማወቅ መካከል የሚቆምበት መሬት እንደሌለው ይገባዋል። ኢያጎም ገብቶታል። ስለዚህ እርግጠኝነትን አይሰጠውም፤ እርግጠኛ ያለመሆንን ስቃይ ብቻ እየጨመረ ያጠጣዋል። የትዕይንቱ ልብ ሰቀላ የሚመነጨው ከዚህ ነው። እኛ ተመልካቾች እውነቱን ሁሉ ስለምናውቅ የሚያስጨንቀን ምን ይሆን የሚለው አይደለም፤ አንድ ሰው አንዲት ቃል ቢናገር ሁሉም ነገር እዚህ ጋ ይቆማል የሚለው ነው።

ሌላም ነገር አለ። ኢያጎ የቬኒስን ሴቶች ጠባይ እኔ የአገሩ ልጅ አውቀዋለሁ ይለዋል፤ አባቷን እንዳታለለች ያስታውሰዋል። ኦቴሎ ለዚህ የሚመልሰው የለውም። ከተማዋ ጦሯን እንዲመራ ትፈልገዋለች፤ ቤቱ ጋብዞ ታሪኩን ያዳምጥ የነበረው ብራባንሲዮ ግን አማች ሲሆንበት አስማተኛ ብሎታል። እንዲህ ባለ አገር የሚኖር ሰው የጓዳውን ወግ የሚያውቀው ሌሎች በነገሩት ልክ ነው። በሰው አገር የኖረ አንባቢ ይህን ለመረዳት ሐተታ አያስፈልገውም። ኢያጎ ሲሄድ ኦቴሎ ብቻውን ሆኖ ምክንያት መፈለግ ይጀምራል፤ ጥቁር ስለሆንኩ ይሆን፣ አነጋገሬ እንደ ቤተ መንግሥት ሰዎች ስላልለሰለሰ ይሆን፣ ዕድሜዬ እየገፋ ስለሆነ ይሆን ይላል። እስከዚያ ድረስ በቆዳው የሚሰድቡት ሌሎች ነበሩ፤ አሁን ስድባቸውን ተቀብሎ ራሱ ላይ አዋለው። ለእኔ ከመሐላው ይልቅ የሚያመኝ ይህ ነው።

በዚህ ቅጽበት ዴዝዴሞና ትገባለች። የጋበዝካቸው የደሴቲቱ ሰዎች ለምሳ እየጠበቁህ ነው ልትለው ነው የመጣችው። ኦቴሎ ገና ስትገባ ሲያያት እሷ ሐሰተኛ ከሆነች ሰማይ በራሱ ላይ ያፌዛል፣ አላምነውም ይላል። ጥርጣሬው ተሸንፏል ማለት ይቻላል። ድምፅህ ለምን ደከመ፣ አሞሃል ወይ ትለዋለች። ጥያቄውን ራሷ ከፈተችለት። በ1ኛው ገቢር በሴናተሮቹ ፊት እሷን አስጠርቶ ቃሏን ያሰማው ያው ሰው፣ አሁን ማንም ሳይጠራት ፊቱ ቆማ ምን ሆንክ ስትለው፣ ግንባሬን ያመኛል ብሎ ያልፋታል። በመሃረቧ ግንባሩን ልታስርለት ትሞክራለች፤ ትንሽ ናት ብሎ ይገፋታል፤ መሃረቧ ትወድቃለች፤ ተያይዘው ይወጣሉ። ከ15 መስመር አይበልጥም። የተውኔቱ ማጠፊያ ግን እዚህ ነው፤ ከዚህ በኋላ የሚመጣው ነጎድጓድ ሁሉ እዚህች ላይ የተዋጠው ጥያቄ ውጤት ነው።

ሼክስፒር ታሪኩን ያገኘው ጣሊያናዊው ቺንትዮ በ1565 እ.ኤ.አ. ካሳተመው የተረት መድበል ነው። እዚያ መሃረቡን የሚሰርቀው ሰንደቅ ያዡ ራሱ ነው፤ ዴዝዴሞና ትንሽ ልጁን አቅፋ ሳለ ከመቀነቷ ይወስደዋል። ሼክስፒር ሌብነቱን አውጥቶ በምትኩ የሚስት እንክብካቤና የባል ችላ ማለት አስገባ። በ1693 እ.ኤ.አ. ቶማስ ራይመር የተባለ ሐያሲ በአንዲት መሃረብ ላይ ይህን ያህል ትራጄዲ መገንባቱን አጣጥሎ ጽፎ ነበር። ራይመር ያልተመለከተው መሃረቧ የወደቀችው በኦቴሎ በራሱ ዓይን ሥር መሆኑን ነው።

መሃረቧን የምታነሳው የኢያጎ ሚስት ኤሚሊያ ናት። ባሏ ብዙ ጊዜ ስረቂልኝ ብሎ እንደለመናት ትናገራለች። ለምን እንደሚፈልጋት ግን አታውቅም፤ ደስ ይበለው ብላ ትሰጠዋለች። ምን ልታደርግባት ነው ስትለው መልስ አይሰጣትም፤ ሂጂ ትባላለች፣ ዝም ብላ ትሄዳለች። በመጨረሻው ገቢር እውነቱን በነፍሷ ከፍላ የምታወጣው ይህችው ሴት ናት። የዚያን ጊዜ ድፍረቷ ከየት መጣ ለሚል ሰው መልሱ እዚህ አለ፤ ይህች ዝምታዋ ትከነክናታለች።

ኦቴሎ ሲመለስ ሌላ ሰው ሆኗል። ሠራዊቱን፣ ፈረሱን፣ ከበሮውን፣ ሰንደቁን ይሰናበታል፤ ሚስቱ ከድታው ከሆነ ሙያውም አልቋል ማለት ነው። የኢያጎን ጉሮሮ አንቆ በዓይኔ የማየው ማስረጃ አምጣ ይላል። ሴራው ሊገለጥ ቀርቦ የነበረው እዚህ ላይ ነው፤ ኢያጎ ግን ሐቀኝነት ለካ አያዋጣም ብሎ አኩርፎ ሊሄድ ሲል ኦቴሎ ራሱ ያስቀረዋል። ማስረጃው ምንድን ነው? ካሲዮ በእንቅልፉ ተናገረ የተባለ ነገር፣ ከዚያም ዛሬ ካሲዮ ጢሙን ሲጠርግባት አየሁ የተባለች መሃረብ። ዛሬ! ኦቴሎ በዚያው ቀን ያቺን መሃረብ ከግንባሩ ላይ በእጁ ገፍቷታል። በዓይኔ ካላየሁ ያለው ሰው ያየውን ረስቶ የሰማውን አመነ። ሁለቱም ተንበርክከው ይምላሉ፤ ካሲዮ በ3 ቀን ውስጥ እንዲሞት ይታዘዛል፤ ኢያጎ የፈለገውን ሹመት ያገኛል። ባልና ሚስት የገቡት ቃል ኪዳን በሁለት ወታደሮች ቃል ኪዳን ተተካ።

ሐያስያን በዚህ ትዕይንት ላይ ሁለት ቦታ ተከፍለዋል። ብራድሊ በ1904 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ ኦቴሎ በተፈጥሮው ቀናተኛ እንዳልሆነ፣ የኢያጎ ጥበብ ማንንም ይጥል እንደነበር ይከራከራል። ሊቪስ በ1937 እ.ኤ.አ. በተቃራኒው ጠላቱ ኦቴሎ ውስጥ ነበር፣ ለዚህም ነው ቶሎ የተሸነፈው አለ። ለብራድሊ ያለኝ መልስ የዴዝዴሞና መግባት ነው፤ ያኔ ኢያጎ መድረክ ላይ የለም፣ ዝምታው የኦቴሎ የራሱ ነው። ለሊቪስ ያለኝ መልስ ደግሞ 1ኛው ገቢር ነው፤ ይህ ሰው መጠየቅንና መስማትን ያውቅ ነበር። በ4ኛው ገቢር እኮ ጠይቋታል የሚል ቢኖር እውነት ነው፤ ያኔ ግን ፍርዱን ጨርሶ የመጣ ዳኛ ነው። ኤሚሊያ ንጽሕናዋን ስትመሰክርላት እንኳ አይሰማም።

ይህን ተውኔት ለመድረክ የምታዘጋጁ ሁሉ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ተዋንያን ወደ መሐላው ለመድረስ ይቸኩላሉ፤ ጭብጨባው ያለው እዚያ ስለሆነ አይፈረድባቸውም። እናንተ ግን ዴዝዴሞና ገብታ እስክትወጣ ያለችውን አጭር ጊዜ አታስሩጧት። ምን ሆንክ ብላ ስትጠይቀው ተመልካቹ ኦቴሎ አፉን ሊከፍት ሲል ይየው፤ ሊጠይቃት ይችል እንደነበር ይመንበት። ያ ካልታመነ በ5ኛው ገቢር የዴዝዴሞና መገደል የአንድ ቀናተኛ ሰው ወንጀል ከመሆን አያልፍም።