ዝግጁ ድምፅና ሰነፍ ጆሮ

የሙዚቃ መሣሪያ ታሪክ የሰው ልጅ የሥራ ታሪክ አንዱ ክፍል ነው። አዲስ መሣሪያ በተፈጠረ ቁጥር አሮጌውን ይዞ የሚሟገት፣ አዲሱን ይዞ የሚፎክር ታጥቶ አያውቅም። ዛሬ በጊታር ተጫዋቾች ዘንድ የተነሣው ክርክርም ከዚህ የተለየ አይደለም። የክርክሩ ምክንያት ዲጂታል ሞዴለር የሚባለው፣ የብዙ አምፕሊፋየሮችንና የኢፌክት ፔዳሎችን ድምፅ በአንዲት ትንሽ ሣጥን ውስጥ በስሌት አስመስሎ የሚያቀርበው መሣሪያ ነው።

ተከራካሪዎቹ በሁለት ጎራ ተሰልፈዋል። አንደኛው ወገን ሞዴለሩ ነፍስ የሌለው የማስመሰያ ዕቃ ስለሆነ ወደ እርሱ መዛወር ሙያን መካድ ነው ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ሣጥኑን የገዛ ሰው የታላላቅ ተጫዋቾችን ድምፅ አብሮ እንደ ገዛ ያምናል። ሁለቱም ስተዋል፤ የስሕተታቸውም ምንጭ አንድ ነው። ሁለቱም ድምፅ ከዕቃው ይመነጫል ብለው ያስባሉ። የሙዚቀኛ ድምፅ ግን የሚገኘው አጥርቶ ከሚሰማ ጆሮና ለይቶ ከሚመርጥ እጅ ነው።

ጉድለት የወለደው ድምፅ

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ በቅድሚያ የአሮጌው አምፕሊፋየር ጠበቆች የሚያቀርቡትን ክስ መመርመር ይገባል። እነዚህ ወገኖች በቫልቭ፣ ማለትም አየሩ ተመጥጦ በወጣለት የመስታወት ቱቦ የሚሠራውን አምፕሊፋየር «ተፈጥሯዊ» ይሉታል። ታሪኩ ግን እንዲህ ብሎ አይመሰክርም። በካሊፎርኒያ ሊዮ ፌንደር አምፕሊፋየሮቹን ሲሠራ ዓላማው የጊታሩ ድምፅ ሳይሻክር እንዲጎላ ነበር። ቫልቩ ከአቅሙ በላይ ሲገፋ የሚያወጣው ሻካራ ድምፅ በመሐንዲሶች ዓይን ጉድለት እንጂ ውበት አልነበረም።

ጉድለቱን ወደ ውበት የለወጡት ተጫዋቾችና ሠራተኞች ናቸው። በናሽቪል ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ1961 በወጣ ቀረጻ ላይ የድምፅ መቀላቀያው አንድ መስመር ተበላሽቶ የባስ ጊታሩን ድምፅ አሻከረው። ብልሽቱ በዘፈኑ ውስጥ እንዲቀር ተደረገ፤ በሚቀጥለው ዓመትም ያንኑ ብልሽት ሆን ብሎ የሚፈጥር ማስትሮ ፈዝ ቶን የተባለ ፔዳል ለገበያ ዋለ። በዚያው በ1962 በለንደን ጂም ማርሻልና ባልደረቦቹ የፌንደርን ቤዝማን አምፕሊፋየር አሠራር ተከትለው የራሳቸውን ሠሩ። በ1964 ደግሞ የኪንክስ ቡድን ጊታር ተጫዋች ዴቭ ዴቪስ የድምፅ ማጉያውን ወረቀት በምላጭ ሰንጥቆ የፈለገውን ሸካራነት አገኘ። እንግዲህ ዛሬ «እውነተኛው» እየተባለ የሚወደሰው ድምፅ ገና ከጥንቱ በቅጂ፣ በብልሽትና በምላጭ የተገኘ ነው። ቅጂነት ወንጀል ከሆነ የመጀመሪያው ተከሳሽ የማርሻል አምፕሊፋየር ይሆናል።

ይህ ሐቅ ለኢትዮጵያ ባለሙያ እንግዳ ሊሆን አይገባም። የበገና ነዛሪ ድምፅ ከጅማቱ ብቻ የሚወጣ አይደለም፤ በጅማቱና በበርኩማው መካከል የምትገባው እንዝራ የተባለች ቁራጭ ቆዳ የምትፈጥረው ነው። በገና ደርዳሪው ይህችን ቆዳ በእያንዳንዱ ጅማት ሥር እያስጠጋና እያራቀ፣ ድምፁ እንደሚፈልገው እስኪነዝር ድረስ በጆሮው ያስተካክላል። ንጹሑን ድምፅ አውቆ ማሻከር ከፈዝ ፔዳል እጅግ የቀደመ ጥበብ ነው። ልዩ ትኩረት የሚሻው ደግሞ አሠራሩ ነው፤ እንዝራዋን የሚያኖራት የደርዳሪው እጅ፣ የሚፈርድላትም የደርዳሪው ጆሮ ነው።

ሁለተኛው ክስ ዲጂታሉ መሣሪያ ይዘገያል የሚል ነው። ድምፅ በአየር ውስጥ በአንድ ሺህኛ ሰከንድ 34 ሳንቲ ሜትር ያህል ይጓዛል። ጥሩ ሞዴለር የሚያስከትለው መዘግየት ጥቂት ሺህኛ ሰከንዶች ነው፤ 3 ሺህኛ ሰከንድ ቢዘገይ ተጫዋቹ ከአምፕሊፋየሩ አንድ ሜትር ያህል ርቆ እንደ መቆም ይቆጠራል። በመድረክ ላይ አንድ ሜትር ርቆ በመቆሙ ሙያው የጠፋበት ጊታር ተጫዋች የለም።

ሣጥኑ የሚሠራውና የማይሠራው

ሞዴለሩ ምትሐት አይደለም። ከጊታሩ የሚመጣውን የኤሌክትሪክ ሞገድ በሰከንድ ብዙ ሺህ ጊዜ እየለካ ወደ ቁጥር ይለውጣል፤ ቫልቩና ድምፅ ማጉያው በሞገዱ ላይ የሚያደርሱትን ለውጥ በሒሳብ ያሰላል፤ ውጤቱንም መልሶ ወደ ሞገድ ይለውጣል። እ.ኤ.አ. በ1998 ላይን 6 የተባለው ኩባንያ ያወጣው ፖድ ይህን አሠራር ወደ ብዙኃኑ ተጫዋች እጅ አደረሰው። በ2011 የታየው የኬምፐር መሣሪያ ደግሞ ባለቤቱ ወደያዘው አምፕሊፋየር የመፈተኛ ድምፅ እየላከ ጠባዩን አጥንቶ የሚያስቀር ሆነ።

ጥቅሙ የሚታበል አይደለም። ባለ 100 ዋት የቫልቭ አምፕሊፋየር ከነ አራት ድምፅ ማጉያ ሣጥኑ ከ50 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ከሞዴለሮቹ መካከል 2 ኪሎ ያህል ብቻ የሚመዝኑ አሉ። ከከተማ ከተማ በአውቶቡስ ለሚዘዋወር የሙዚቃ ቡድን ይህ ልዩነት የወገብ ጤንነት ጉዳይ ነው። ቫልቭም ቢሆን ዛሬ በብዛት የሚመረተው በሩሲያ፣ በስሎቫኪያና በቻይና በሚገኙ ጥቂት ፋብሪካዎች ነው። ቤቱ ውስጥ የሚለማመድ ተማሪም ጎረቤት ሳይረብሽ የተገፋ አምፕሊፋየርን ድምፅ በጆሮ ማዳመጫ ሊሰማ ይችላል።

ይሁን እንጂ ጉድለቱም መሸፈን የለበትም። የቫልቭ አምፕሊፋየር ሲበላሽ ካውያ የያዘ የሬድዮ ጠጋኝ ብዙውን ጊዜ ሊያድነው ይችላል፤ የሞዴለሩ ጥቃቅን ክፍሎች ግን እንዲህ ለመሰለ ጥገና አይመቹም። ከዚህም ሌላ ጊታሩ ከፊቱ ከቆመው ጯሂ ድምፅ ማጉያ ጋር የሚያደርገው ምልልስ፣ ጅማቱ በአየሩ ግፊት እየተንዘረዘረ ራሱን የሚያቆይበት ሁኔታ፣ በጆሮ ማዳመጫ አይገኝም። እነዚህ መሣሪያውን ሲመርጡ የሚመዘኑ ተጨባጭ ነገሮች ናቸው እንጂ በነፍስ መኖርና አለመኖር የሚተረጎሙ አይደሉም።

የኪቦርዱ ትምህርት

እውነተኛው አደጋ ያለው በሁለተኛው ጎራ ነው። ሞዴለሩ ከፋብሪካ ሲወጣ በመቶ የሚቆጠሩ ዝግጁ ድምፆችን ይዞ ይወጣል። የተቀዱት አምፕሊፋየሮች በአብዛኛው የአሜሪካና የእንግሊዝ ሥራዎች ናቸው፤ ድምፆቹም የተዘጋጁት ለሮክ፣ ለብሉዝና ለመሰል ሙዚቃዎች ነው። ጥራዝ ነጠቁ ተጫዋች ቁጥር እየቀያየረ ከዝርዝሩ አንዱን ይመርጥና ድምፅ አገኘሁ ይላል። የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚለው ብሂል የተነገረው ለእንዲህ ያለው ነው።

ይህ መንገድ ወዴት እንደሚያደርስ ታይቷል። ያማሃ እ.ኤ.አ. በ1983 ያወጣው ዲኤክስ 7 ሲንተሳይዘር የራስን ድምፅ ለመፍጠር ሰፊ አቅም ነበረው፤ አሠራሩ ስለከበደ ግን አብዛኛው ተጫዋች በፋብሪካው ዝግጁ ድምፆች ረካ፤ ከነዚህም የኤሌክትሪክ ፒያኖው ድምፅ የዘመኑን የፍቅር ዘፈኖች አጥለቀለቀ። በኢትዮጵያም ከ1966 ዓ.ም. በኋላ በሰዓት እላፊ ምክንያት የምሽት ክበቦች ሥራ ተዳከመ፤ ቀስ በቀስም ከክብር ዘበኛ፣ ከፖሊስና ከጦር ሠራዊት ኦርኬስትራዎች የወረደው የትራምፔት፣ የሳክስፎንና የትሮምቦን ባህል ቦታውን ለአንድ ኪቦርድ ለቀቀ። ኪቦርዱ ተጠያቂ አይደለም። ብዙ ነፋሾች የማስከፈላቸው ዋጋ፣ የመድረኩ መጥበብና የካሴት ገበያው ጥድፊያ ነገሩን ገፍተውታል። ነገር ግን የነፋሹን እስትንፋስ ያልጠና እጅ የትራምፔት ስም የተጻፈበትን ቁልፍ ሲጫን ከቁልፉ የወጣው ስሙ ብቻ ነበር።

በአንጻሩ ደግሞ የውጭ መሣሪያ የራስን ቋንቋ እንዲናገር ማድረግ እንደሚቻል የሚያሳይ ምስክር አለ። በአይቤክስ፣ ኋላም በሮሃ ባንድ የተጫወቱት ሰላም ሥዩም ጊታርንና አምፕሊፋየርን ከውጭ እንደመጡ ይዘው፣ በኢትዮጵያ ቅኝቶች የሚታወቅ የራሳቸውን አጨዋወት አበጁ። መሣሪያው የውጭ ነበር፤ ጆሮው ግን የውጭ አልነበረም።

ያልተጠራው መምህር

ዝግጁው ድምፅ ጉዳት የሚያደርሰው በድምፅ ቀለም ብቻ አይደለም፤ ሳይጠራ መጥቶ ቅኝት ያስተምራል። ለአብነት ያህል በብዙ ሞዴለሮች ውስጥ ለሚጫወተው ዜማ አጃቢ ድምፅ የሚጨምር ሃርሞናይዘር አለ። ተጫዋቹ በዶ ሜጀር ላይ ሦስተኛውን ድምፅ እንዲጨምር አዝዞት ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ በሚሉት አምስት ድምፆች ትዝታን ቢጫወት፣ ሣጥኑ ከሬ በላይ ፋን፣ ከሶል በላይ ሲን ያሰማል። ሁለቱም በትዝታ ቅኝት ውስጥ የሉም። አድማጩ ስሕተቱን በስም ባይጠራውም ትዝታው ትዝታ መሆኑን ሲያቆም ይሰማዋል።

መፍትሔው ግን እዚያው ሣጥን ውስጥ ሊገኝ ይችላል። ባለቤቱ የራሱን መሰላል እንዲጽፍ የሚፈቅዱ መሣሪያዎች አሉ። አምስቱን ድምፆች ብቻ ጽፎ በመካከሉ አንድ እየዘለለ እንዲያጅብ ያዘዘ ሰው ለሬ ሶልን፣ ለሶል ዶን ያገኛል፤ ከቅኝቱም አይወጣም። የአምባሰልና የአንቺ ሆዬ ቅኝቶችም እንዲሁ በየራሳቸው መሰላል ሊጻፉ ይችላሉ። መሣሪያው አልከለከለም፤ ያንን ገጽ ያልከፈተው ባለሙያው ነው።

የገደል ማሚቶ ኢፌክቱም እንደዚሁ ነው። በብዙ ዝግጁ ድምፆች ማሚቶው በምቱ ሦስት አራተኛ ላይ እንዲወድቅ ተሰናድቷል፤ ይህም ምቱን ለአራት ለሚከፍል ሙዚቃ ይስማማል። ምቱን ለሦስት የሚከፍለው ጭክጭካ ግን በዚህ ማሚቶ ይደናቀፋል። ማሚቶው ወደ ምቱ ሁለት ሦስተኛ ሲዛወር ግን ከእስክስታው ጋር አብሮ ይረግጣል። ለውጡ የአንድ ቁልፍ መዞር ነው፤ ቁልፉን ለማዞር ግን መደናቀፉን የሚሰማ ጆሮ ያስፈልጋል።

ምን መደረግ አለበት?

ስለሆነም ወደ ሞዴለሩ መዛወር ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ጥያቄ ዋና ጥያቄ ሆኖ መቅረቡ ሊያበቃ ይገባል። የሚሸከመው፣ የሚከፍለውና የሚጫወተው ሰው ይወስን። ዋናው ጥያቄ በሣጥኑ ውስጥ የሚፈርደው ማን ነው የሚለው ነው፤ ፋብሪካው ወይስ ሙዚቀኛው?

ከተጫዋቹ የሚጠበቀው ዝግጁውን ዝርዝር እንደ መማሪያ ቆጥሮ እንደ ሥራ አለመቁጠር ነው። ከባዶ ገጽ ይጀምር፤ አንድ አምፕሊፋየር፣ አንድ ድምፅ ማጉያ፣ አንድ ማሚቶ ብቻ ይዞ እያንዳንዱ ምን እንደሚያደርግ በጆሮው ይለይ። በከተማው የቀሩትን አሮጌ አምፕሊፋየሮች ጠባይ፣ መሣሪያው በሚፈቅደው መጠን፣ ከመጥፋታቸው በፊት ያስቀር። ክራርንና መሰንቆን በዚሁ ሣጥን አሳልፎ ይሞክር፤ የማይስማማውንም ይጣል።

ከሙዚቃ መምህራን የሚጠበቀው የዲጂታል መሣሪያን አያያዝ ከቅኝት ትምህርት ጋር አጣምሮ ማስተማር ነው፤ ቅኝት ሳያውቅ ቁልፍ የሚያዞር፣ ቁልፍ ሳያውቅ ቅኝት የሚያወራ ተማሪ ሁለቱም ጎደሎ ናቸውና። የባህልና የኪነት ቡድኖችን የሚመሩ ኃላፊዎችም አዲስ መሣሪያ ሲያስገዙ፣ መሣሪያው የሚጠናበትን ጊዜና የሚጠግነውን ሰው አብረው ያስቡ። ዕቃ ገዝቶ ዕውቀትን መተው ለመጋዘን መግዛት ነው።

በገና ደርዳሪው እንዝራውን ሲያስተካክል ቆዳው ከየት እንደመጣ አይጨነቅም፤ ጅማቱ በትክክል እስኪነዝር ግን አይነሣም። የዛሬው ጊታር ተጫዋች አዲሱን ሣጥን የሚይዘው በዚህ ትዕግሥት ከሆነ ሣጥኑ ያገለግለዋል፤ በሌላ መንገድ ከሆነ ግን አገልጋዩ እርሱ ይሆናል።