ከረጢቱ ሲቆም ቁምስናው ምን ይሆናል? የወሎ ካቶሊኮች ከባቲ ሲታዩ



ሰኞ ባቲ ገበያ መሃል ቆማችሁ «እዚህ አካባቢ ካቶሊክ አለ?» ብላችሁ ብትጠይቁ መጀመሪያ የሚገጥማችሁ ግራ የገባው ፊት ነው። ግመሉን ይዞ ከቆላ የወጣው አፋርም፣ እህል ጭኖ ከደጋ የወረደው ገበሬም፣ ጨርቅ የዘረጋው የከተማው ልጅም ጥያቄው ይገርመዋል። ከተማችን በአብዛኛው ሙስሊም ናት። ኦርቶዶክስ ጎረቤት አለን፣ ጴንጤም አይጠፋም። ካቶሊክ ጓደኛ ኖሮት ያደገ የባቲ ልጅ ግን ብዙ አይደለም። እኛም ከነዚያ ጥቂቶች ውስጥ አይደለንም።

ታዲያ ምን አገናኘን? መንገዱና እህሉ። ከአሰብ ተነስቶ በሚሌ አድርጎ፣ ባቲን አቋርጦ ኮምቦልቻ የሚገባው አስፋልት ስንት የእህል መኪና እንዳሳለፈ ትልልቆቹን ጠይቁ። ከዚያ እህል የተወሰነው የመጣው በካቶሊክ ድርጅቶች በኩል ነው። አሁን ያ እህል እየቆመ ነው። ስለዚህ ከረጢቱ ጀርባ ያሉት ሰዎች እነማን ናቸው፣ ከረጢቱ ሲቀርስ ምን ይተርፋቸዋል የሚለውን ማየት ፈለግን።

መጀመሪያ ስለ ቁጥሩ እናውራ። በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ ካቶሊኮች ከአገሪቱ ሕዝብ 0.7 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከመቶ ሰው አንድ እንኳን አይሞላም ማለት ነው። ከእነሱም የሚበዙት በደቡብ፣ በጉራጌና በኦሮሚያ ናቸው። አማራ ክልል ላይ ያሉት ጥቂት ናቸው፤ የእኛ ዞን ላይ ደግሞ ከጥቂትም ጥቂት።

እነዚህን ጥቂት ሰዎች የያዘው መዋቅር የባሕር ዳር–ደሴ ሀገረ ስብከት ይባላል። ገና ወጣት ነው። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ ያቋቋሙት ጥር 11 ቀን 2007 ዓ.ም፣ ማለትም ልክ በጥምቀት ዕለት ነው። የመጀመሪያው ጳጳስ ብፁዕ አቡነ ልሳነክርስቶስ ማቴዎስ ናቸው። ከዚያ በፊት አካባቢው በአዲስ አበባ ሥር ነበር። ሀገረ ስብከቱ ከጣና እስከ ወሎ ተዘርግቶ መተከልንም ይጨምራል። ግልገል በለስ አካባቢ የኮምቦኒ ሚሲዮናውያን ከጉሙዝ ሕዝብ ጋር ለዓመታት ሠርተዋል። ካርታው ላይ ስታዩት ትልቅ አገር ነው፤ ውስጡ ያለው ምእመን ግን በጣም የተበታተነ ነው።

ቁምስና የሚሉት በአንድ ቆሞስ የሚመራውን አጥቢያ ነው። እንዲህ ባለ ሀገረ ስብከት አንድ ቁምስና ማለት አንድ ሰፈር አይደለም። ካህኑ መንገድ የሚበላው፣ ምእመኑም ቅዳሴ ለመድረስ መኪና የሚጠብቅበት ሊሆን ይችላል። ይሄን ያዙልን፣ እንመለስበታለን።

«ፈረንጅ ያመጣው ነው» የሚለውም ወሬ መነሻ አለው። ደሴን ማዕከል ያደረገ የካቶሊክ አስተዳደር ለመጀመሪያ ጊዜ የተቋቋመው በ1929 ዓ.ም ነው። በዚያን ጊዜ አገሩን የያዘው ፋሺስት ኢጣሊያ ነበር። በ1944 ያ አስተዳደር ተዘግቶ ወደ አዲስ አበባ ተጠቃለለ። በወረራ ጊዜ የተተከለ ነገር በሕዝብ ትዝታ ውስጥ ጥላ ቢጥል አይገርምም። ግን ታሪኩ ያ ብቻ አይደለም። የጎጃሙ መነኩሴ አባ ገብረ ሚካኤል ካቶሊክ ሆነው በዚያው እምነታቸው ምክንያት በ1847 ዓ.ም በእስር እንዳሉ ሞተዋል። ይሄ የሆነው ጣሊያን አገራችንን ከመርገጡ ከብዙ ዓመት በፊት ነው። ሰውየው የዚሁ አገር ልጅ ነበሩ።

አሁን ወደ እህሉ እንምጣ።

በሰባ ሰባቱ ድርቅ ባቲ ከትልልቆቹ መጠለያዎች አንዷ ነበረች። የዓለም ካሜራ ሁሉ እዚህ ነበር። በታኅሣሥ 1977 የአሜሪካው ሴናተር ኤድዋርድ ኬኔዲ ከልጆቹ ጋር ባቲ መጠለያ ድረስ መጥቷል። ኬኔዲ ካቶሊክ ነበር። (እንግዲህ ባቲን የረገጠ በጣም ታዋቂው ካቶሊክ እሱ ሳይሆን አይቀርም። ሰፈራችን ላይ ይሄን የሚያውቅ ወጣት ስንት ነው?) በዚያው ዓመት የኢትዮጵያ ካቶሊክ ጽሕፈት ቤት፣ መካነ ኢየሱስ፣ የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽንና ሲአርኤስ የተባለው የአሜሪካ ካቶሊኮች የዕርዳታ ድርጅት ተጣምረው እህል ማጓጓዝ ጀመሩ። ሲአርኤስ ኢትዮጵያ ውስጥ የገባው ግን ከዚያ በፊት፣ በንጉሡ ጊዜ ነው።

ከዚህ ሁሉ እኛን ይበልጥ የሳበን የ1982ቱ ታሪክ ነው። ደርግና ሕወሓት እየተዋጉ ነው፤ ከጦር ግንባሩ ባሻገር ያለው ሕዝብ ተርቧል። እህሉን በግንባሩ መሃል ማን ያሳልፈው? መንግሥት አይችልም፣ የተባበሩት መንግሥታትም በቀላሉ አልቻለም። ኦርቶዶክስ፣ ካቶሊክና መካነ ኢየሱስ አንድ ላይ ሆነው ጄአርፒ በሚባለው ጥምረት ሁለቱንም ወገን አስማሙ። የጭነት መኪኖቹም ከደሴ ወደ ሰሜን የጦርነቱን መስመር ተሻግረው ሄዱ። ከአሰብ ወደብ ለሚነሳ እህል ወደ ደሴ መውጫው በባቲ በኩል ነው። በነገረ መለኮት የማይግባቡ ሦስት አብያተ ክርስቲያናት ነበሩ ያን ያስፈጸሙት።

ለዚህ ነው «ካቶሊክ» የሚለው ቃል በወሎ ትልልቅ ሰዎች ዘንድ ከደወል ይልቅ ከረጢት የሚያስታውሰው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ወጣቱ ራሱ ያውቀዋል። ሲአርኤስ የሚመራው ጄኦፕ የተባለ የአስቸኳይ ምግብ ፕሮግራም ከአስር ዓመት በላይ ስንዴ፣ አተርና ዘይት ሲያከፋፍል ቆይቷል። አማራ ክልል ላይ ከሠሩት አንዱ አመልድ ነው። ልብ በሉ፣ አከፋፋዩ ቄስ አይደለም። መዝገብ ይዞ የሚሠራ የአገር ውስጥ የልማት ድርጅት ነው።

በአራት ዓመት ውስጥ ግን ከረጢቱ ሦስቴ ተመታ። በ2014 መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴ፣ ኮምቦልቻና ከሚሴ ሲደርስ ኮምቦልቻ ያሉት የእህል መጋዘኖች ተዘረፉ፤ የዓለም ምግብ ፕሮግራምም በደሴና በኮምቦልቻ ስርጭት አቆመ። በሰኔ 2015 አሜሪካ «እህሉ እየተሰረቀ ነው» ብላ በመላው አገሪቱ የምግብ ዕርዳታ አገደች፤ ብዙ ቦታ እስከ ዓመቱ መጨረሻ፣ በፈረንጆቹ እስከ ታኅሣሥ ድረስ አልተመለሰም። ሦስተኛው ከባዱ ነው። ከጥር 2017 ጀምሮ የአሜሪካ የውጭ ዕርዳታ ተገታ። ዩኤስኤአይዲም ሰኔ 24 ቀን 2017 እንደ ተቋም ሥራውን አቆመ። ሲአርኤስ ከበጀቱ ግማሽ ያህሉን የሚያገኘው ከዚያው ነበር። ሠራተኛ መቀነስ፣ ፕሮግራም መዝጋት ተከተለ።

እዚህ ላይ የማይቀር ጥያቄ አለ፤ «ዕርዳታው ሃይማኖት ለማስቀየር አልነበረም ወይ?» ጥያቄው ነውር የለውም። ግን ስንዴ ሃይማኖት የሚያስቀይር ቢሆን ኖሮ፣ ከሰባ ሰባት እስከ ዛሬ በተበላው ልክ፣ ባቲ አሁን ግማሿ ካቶሊክ ነበረች። አልሆነችም። ያ ሁሉ ዘመን አልፎም አንድ በመቶ አይሞሉም። ሒሳቡ በራሱ መልስ ይሰጣል።

የእኛ ጥያቄ ሌላ ነው። ያ ሁሉ ከረጢት የቁምስናውን ሕይወት ረድቶታል ወይስ ጎድቶታል?

በእኛ እይታ ሁለቱም። ረድቶታል፤ ትንሽ ማኅበረሰብ ከቁጥሩ በላይ ስም አግኝቷል፣ በር ተከፍቶለታል፣ ትምህርት ቤትና ክሊኒክ ከፍቷል። ጎድቶታልም፤ ሰው ቤተክርስቲያኑን እንደ ኤንጂኦ ማየት ጀመረ። ወጣቱ «እዚያ ሥራ ይገኛል?» ይላል እንጂ «እዚያ ማን አለ?» አይልም። ኤንጂኦ በጀቱ ሲያልቅ ቢሮውን ዘግቶ ይሄዳል። ቁምስና ግን አይሄድም። እሑድ ይመጣል፣ ልጅ ይወለዳል፣ ሰው ይሞታል።

የቁምስና ዜና ምን እንደሚመስል ለማያውቅ ሰው፣ ከቅዳሴ በኋላ የሚነበበው ማስታወቂያ ነው። እገሌና እገሊት ሊጋቡ ነው፣ ተቃውሞ ያለው ካለ ያሳውቅ። ለመጀመሪያ ቁርባን የሚዘጋጁ ልጆች ቅዳሜ ትምህርት አላቸው። የወጣቶች ስብሰባ ተራዝሟል። እገሌ ታመዋል፣ ሄዳችሁ ጠይቁ። በቃ ይሄው ነው። ሃያ ቤተሰብ ላለው ማኅበረሰብ ግን ይሄ ማስታወቂያ ከማንኛውም የቴሌግራም ቻናል ይበልጣል፤ እዚያ ስምህ ካልተጠራ ማንም ስለማያውቅህ።

ቅዳሴው ራሱ ብዙዎችን ያስገርማል። ሥርዓቱ የግዕዝ ነው። ገናን ታኅሣሥ 29፣ ፋሲካንም ከኦርቶዶክሱ ጋር አንድ ቀን ነው የሚያከብሩት፤ በፈረንጅ ቀን አይደለም። በ2017 ደግሞ የሁሉም ፋሲካ በአንድ ቀን ሚያዝያ 12 ላይ ዋለ። በማግስቱ ፍራንቸስኮስ አረፉ። ሀገረ ስብከቱን ያቋቋሙት እሳቸው ስለነበሩ፣ ለእነዚህ ቁምስናዎች ሐዘኑ የሩቅ ዜና ብቻ አልነበረም። በሚያዝያ 30 ሊዮ 14ኛ ሲመረጡ ከመራጮቹ አንዱ የእኛው ብፁዕ ካርዲናል ብርሃነየሱስ ነበሩ።

ከቅዳሴው በላይ ግን የትንሽ ማኅበረሰብ ፈተና ሞት ላይ ነው የሚታየው። አዲስ አበባ ላይ ጴጥሮስ ወጳውሎስ የካቶሊክ መቃብር አለ። ትንሽ ከተማ ላይ ሲሆን ነገሩ ሌላ ነው፤ ኦርቶዶክሱ በቤተክርስቲያኑ ቅጽር ይቀበራል፣ ሙስሊሙ በራሱ መቃብር፤ ቁጥሩ ትንሽ የሆነው ምእመን ግን ማዘጋጃ ቤት ደጅ መጥናት አለበት። ፕሮቴስታንቶች በየከተማው በዚህ ምክንያት ስንት ጊዜ እንደተቸገሩ ይታወቃል። ድንኳኑን የሚተክለው፣ ሬሳውን የሚያጅበው የሰፈር እድር ነው፤ ወሎ ላይ እድር ደግሞ «ምን ታመልካለህ?» አይልም። ቦታው ግን የእድር ሥልጣን አይደለም። ቢሮ የገባ ወረቀት ነው። ለአንድ ማኅበረሰብ «እዚህ አገር ነህ» የሚለው ትልቁ ማረጋገጫ ስንዴ ሳይሆን የመቃብር ካርታ ነው ብንል አላጋነንንም።

አሁን ቅድም ያዙልን ያልነው መንገድ። ከሐምሌ 2015 ጀምሮ በክልሉ ያለውን ግጭት የምታውቁት ነው። መንገድ ይዘጋል፣ ይከፈታል፣ ደግሞ ይዘጋል። የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ጠፍቶ ነበር። ኮምቦልቻ ከባቲ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ናት፤ አንዳንድ ሳምንት ግን አዲስ አበባን ታህላለች። እንዲህ ባለ ጊዜ ብዙ ሕዝብ ያለው እምነት የሰፈሩ መስጊድ ወይም ደብር አለውና ይቀጥላል። ቆሞሱ ከሌላ ከተማ የሚመጣለት ቁምስና ግን መንገዱ ሲዘጋ ቅዳሴውም ይዘጋል። ማስታወቂያ የለም፣ የልጆቹ ትምህርት የለም። ወጣቱ ለሥራ አዲስ አበባ ወይም ዓረብ አገር ከሄደ በኋላ ደግሞ የሚመልሰው ነገር አይኖርም። እኛን የሚያሰጋን ከዕርዳታው መቅረት ይልቅ ይሄ ነው። ለገንዘብ ሌላ ለጋሽ ሊገኝ ይችላል፤ የተበተነ ሃያ ቤተሰብ ግን ከየት ይሰበሰባል?

ትንሽነት ጥቅምም አለው፣ እሱን ሳናነሳ አናልፍም። በ2011 መንግሥት የእርቀ ሰላም ኮሚሽን ሲያቋቁም ሰብሳቢ ያደረጋቸው ካርዲናል ብርሃነየሱስን ነው። አገሪቱ ውስጥ ስንት ትልቅ ሃይማኖት እያለ ለምን እሳቸው? ሌላም ምክንያት ይኖራል፤ የእኛ ግምት ግን ምርጫም መሬትም ለመውሰድ የሚፈራቸው ስለሌለ ነው። በ1982 ግንባር ያሻገራቸውም ይሄው ይመስለናል። ኮሚሽኑ ብዙም ሳይራመድ በ2014 ሥራው ወደ አገራዊ ምክክሩ ኮሚሽን ዞረ፤ ያ ሌላ ርዕስ ነው። ዛሬ ወሎ ላይ ሁለት ወገን ተኩስ ሳያቆም እህል ወይም መድኃኒት የሚያሻግር ማን አለ ብላችሁ ብታስቡ ግን ያ የድሮ ጥምረት ትዝ ማለቱ አይቀርም። ያኔ ግን ከኋላው የውጭ እህል ነበር። አሁን መጋዘኑ ባዶ ሆኖ ስም ብቻውን ያሻግራል ወይ? እኛ እንጠራጠራለን።

በ77 ባቲ መጠለያ የነበሩ፣ ወይም በ1982 በዚህ መንገድ እህል የጫኑ አባት፣ እናት ወይም አያት ያላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልን። ሹፌሮችን በተለይ እንፈልጋለን፤ ድምፃቸውን ቀድታችሁ ብትልኩልንም ይበቃል። ስማቸው እንዲወጣ ካልፈለጉ አናወጣም።