ስም አይቆረጥም፣ ኮዱ ይታረም

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። ያኔ ኮምፒውተር ስላልነበረ ነው እንጂ ዘንድሮ ቢሆን መልአኩ ስም ከማውጣቱ በፊት ፕሮግራመር ማማከር ነበረበት። እሱ ያወጣውን ስም አንዱ ፎርም «የማይፈቀድ ምልክት አስገብተዋል» ብሎ ሊመልስበት ይችላልና።

ምን ለማለት እንደፈለግን ለማስረዳት እስኪ ጥርባን እንውሰድ። አዊ ውስጥ ያለችውን ጥርባን ማለታችን ነው። በእኛ ፊደል ስትጻፍ ሦስት ሆሄ ናት፣ ምንም ጣጣ የላትም። ጣጣው የሚመጣው በላቲን ስትጻፍ ነው። ፈረንጆቹ «ት»ን ከ«ጥ» የሚለዩበት ፊደል የላቸውም። ስለዚህ የአሜሪካና የእንግሊዝ የቦታ ስም ኮሚቴዎች በ1967 እ.ኤ.አ. ለአማርኛ ባወጡት አጻጻፍ፣ «ጥ» ማለት ከኋላዋ አፖስትሮፍ ( ' ) የተቀጠለባት «ት» ናት። ቀ፣ ጨ፣ ጰ እና ጸም በዚሁ መንገድ ይጻፋሉ። መቀሌ፣ ነቀምቴና ደብረ ማርቆስ በዚህ አጻጻፍ በተዘጋጀ ካርታ ላይ ይችን ጭረት ተሸክመው ነው የሚታዩት።

ጭረቷ ወረቀት ላይ ማንንም አታስቸግርም። ድረ ገጽ ውስጥ ስትገባ ግን ሌላ ታሪክ ነው።

ኮድ ለማያውቁ አንባቢዎቻችን አጠር አድርገን እናስረዳ። ጃቫ እና ጃቫስክሪፕት በስም ይመሳሰሉ እንጂ ዝምድና የላቸውም። ጃቫ ብዙ ጊዜ ሰርቨሩ ላይ ተቀምጦ መረጃውን ከዳታቤዝ ያወጣል፣ ገጹንም አዘጋጅቶ ይልካል። ጃቫስክሪፕት ደግሞ እናንተ ጋ፣ በስልካችሁ ወይም በኮምፒውተራችሁ ብራውዘር ውስጥ ይሠራል። ሁለቱ የሚገናኙት በሚላከው ገጽ በኩል ነው። ሰርቨሩ የሚያውቀውን ነገር፣ ለምሳሌ የመረጣችሁትን ቦታ ስም፣ ጃቫስክሪፕቱ እንዲያውቀው ከተፈለገ አንድ ሰው ማቀበል አለበት። ቸኮል ያለ ፕሮግራመር የሚያደርገው ቀላል ነው፤ ስሙን እንዳለ አንስቶ ኮዱ መሀል ይለጥፈዋል። ትእዛዙን በእኛ ፊደል እንጻፈው ብንል ይህን ይመስላል፦

ቦታ = 'ጎንደር'

ጎንደር በሰላም ገባች። አሁን ጥርባን በዚያ በላቲኑ ደንብ እናስገባት፦

ቦታ = 'ት'ርባ'

ጃቫስክሪፕት ነጠላ ጭረት ሲያይ «ጽሑፉ እዚህ ጀመረ»፣ ሁለተኛዋን ሲያይ «እዚህ አለቀ» ነው የሚለው። ስለዚህ የቦታው ስም «ት» ሆኖ ቀረ። «ርባ» የምትለዋ ደግሞ ትርጉም የለሽ ትእዛዝ ሆና ሜዳ ላይ ወደቀች። ያ የኮድ ክፍል በሙሉ ይቆማል። አዝራሩ ቢጫኑት አይሰማም፣ ዝርዝሩ ባዶ ሆኖ ይወጣል። ተጠቃሚውም እንደ ልማዳችን «ኔትወርክ የለም» ብሎ ይሄዳል።

«ታዲያ በአማርኛ ጻፉታ!» የሚለን አይጠፋም። በአማርኛ መጻፉን እንወዳለን፣ ግን ነገሩን አይፈታውም። ኦሮምኛ ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ በቁቤ ይጻፋል፤ በቁቤ ደግሞ ይችው ጭረት ሁዻ ትባላለች። ጌጥ አይደለችም፣ ድምፅ ናት። «ዛሬ» ለማለት የሚጻፈው ቃል እንኳን መሀሉ ላይ ሁዻ አለበት። ሁዻ ያለበት ስም የያዘ ሰው ስሙን በትክክል ጻፈ ተብሎ ፎርሙ ሊበላሽበት ነው ማለት ነው።

አማርኛችንም ቢሆን ያለ ጣጣ አልኖረም። ጃቫ የትርጉም ቃላት የሚቀመጡባቸውን ፋይሎች እስከ 2017 እ.ኤ.አ.፣ እስከ ጃቫ 9 ድረስ፣ በምዕራብ አውሮፓ ፊደል ቆጥሮ ነበር የሚያነባቸው። «ጥ»ን ለማስገባት የዩኒኮድ ቁጥሯን፣ 1325ን፣ በምስጢር ጽሑፍ መልክ መጻፍ ግድ ነበር። ያንን የዘነጋ ሰው አማርኛው ተበላሽቶ ይወጣበታል። ገጹ ራሱ በምዕራብ አውሮፓ ፊደል ከተላከ ደግሞ ጥርባ ሦስት የጥያቄ ምልክት ሆና ትቀርባለች። ???

ነገሩ የጥቂት ኮምፒውተር ወዳጆች ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። ጤና ሚኒስቴራችን የጤና ተቋማትን ሪፖርት የሚሰበስበው ዲኤችአይኤስ 2 በተባለ ሥርዓት ነው። ሥርዓቱ መሠረቱ ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ነው፣ ሰርቨሩም የተጻፈው በጃቫ ነው። የቀድሞ ገጾቹ ስትራትስ እና ቬሎሲቲ በሚባሉ መሣሪያዎች ሲሠሩ በነበረበት ጊዜ፣ ከሰርቨር ወደ ጃቫስክሪፕት የሚሻገሩ የትርጉም ቃላት ለዚሁ በተሠራች ማለፊያ በኩል ያልፉ ነበር። የማለፊያዋ ሥራ ጭረቷን ሳታጠፋ «ይች የስሙ አካል ናት፣ የጽሑፉ መዝጊያ አይደለችም» የሚል ምልክት መለጠፍ ነው። ፈረንሳይኛን ለሚያስተናግድ ሥርዓት ይህ ቅንጦት አይደለም፤ ፈረንሳይኛ ያለ አፖስትሮፍ አንድ አንቀጽ አይሄድምና።

ብዙ ቦታ የሚደረገው ግን ሌላ ነው። ሦስት ዓይነት «መፍትሔ» አለ። አንደኛው ጭረቷን መከልከል ነው፤ ስምህን ቀይረህ ና እንደማለት። ሁለተኛው ዝም ብሎ ቆርጦ መጣል ነው፤ ባለቤቱ ሳያውቅ ስሙ ዳታቤዝ ውስጥ ተለውጦ ይቀራል፣ በሌላ ቀን ሲፈለግ ይጠፋል። ሦስተኛው ለገጽ የተሠራውን ማለፊያ ለጃቫስክሪፕት መጠቀም ነው፤ ያኔ በጭረቷ ፋንታ &#039; የሚል ጉድ ስሙ መሀል ተጋድሞ ይታያል። መድኃኒቱ የሌላ በሽታ መድኃኒት ነው።

የሚከለክሉት ሰዎች «ለደኅንነት ነው» ይላሉ። እውነት አላቸው፣ ግማሽ እውነት። ተጠቃሚ የጻፈውን ነገር እንዳለ ኮድ መሀል መለጠፍ፣ ክፉ ሰው የራሱን ትእዛዝ እንዲያስገባ በር መክፈት ነው። ነገር ግን መከልከል በሩን አይዘጋውም። ማይስፔስ በ2005 እ.ኤ.አ. አደገኛ ቃላትን ከተጠቃሚዎች ገጽ ላይ ያጠፋ ነበር። ሳሚ ካምካር የተባለ ወጣት «ጃቫስክሪፕት» የሚለውን ቃል ለሁለት መስመር ከፍሎ ጻፈና ማጣሪያውን አለፈው። ብራውዘሩ ግን ገጥሞ አነበበው። የእሱ ኮድ አንድ ቀን ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ገጾች አዳረሰ። ማጣሪያ ተንኮለኛውን ያሳልፍና ስሙ ላይ ጭረት ያለበትን ምስኪን ይይዛል ማለት ነው።

ትክክለኛው መንገድ የታወቀ ነው፣ ውድም አይደለም። መረጃን እንደ መረጃ አቀብል፣ ከኮድ ጋር አታቡካው። በጃቫ የሚሠሩ ጓደኞቻችን ጃክሰንን የመሰለ መሣሪያ አላቸው፤ ስሙን ወደ ጄሰን ቀይሮ በድርብ ጭረት ይከበዋል፣ ነጠላዋ ጭረት ውስጡ በሰላም ትኖራለች። ገጹ ውስጥ የሚገባ ከሆነ የ«ያንሳል» ምልክትንም ( < ) መሸፈን ያስፈልጋል፣ አለዚያ ብራውዘሩ የኮዱ ክፍል እዚያ ያለቀ ሊመስለው ይችላል። ታይምሊፍ ለጃቫስክሪፕት የተለየ አጻጻፍ አለው። ኦዋስፕም ለየቦታው የሚሆን ማለፊያ በነፃ አዘጋጅቷል። ከሁሉም የሚቀለው ጃቫስክሪፕቱ መረጃውን ራሱ ሄዶ ከሰርቨሩ እንዲጠይቅ ማድረግ ነው።

ቀንም ከስም አይሻልም። የእኛ 13ኛ ወር ለጃቫስክሪፕት የለም። ወር የሚቆጥረው ከዜሮ እስከ 11 ነውና ጳጉሜ 3 ቀን 2017ን እንዳለች በቁጥር ብታቀብሉት 12ኛ ቁጥር ትሆንበታለች። እሱም አይጮህም፣ አይከስም። ጃንዋሪ 3 ቀን 2018 ብሎ ዝም ይላል። ጭረቷ ቢያንስ ገጹን አቁማ ታሳብቃለች። ይህኛው ግን በጳጉሜ የተወለደን ሕፃን በሌላ ወር በሌላ ዓመት አስመዝግቦ ሰላም ነው ብሎ ይተኛል። እዚህም መድኃኒቱ ያው ነው፤ ቀኑን አንድ ዓይነት ትርጉም ባለው መልክ አቀብሉ፣ በእኛ አቆጣጠር ማሳየቱን ብራውዘሩ ራሱ ይችልበታል።

«ለአንዲት ጭረት ይህ ሁሉ?» ትሉ ይሆናል። አዎ፣ ለአንዲት ጭረት። የመታወቂያ፣ የጤና፣ የትምህርትና የባንክ መዝገባችን ወደ ድረ ገጽ እየገባ ነው። መዝገቡ የማይቀበለው ስም ቀስ በቀስ ሰውየውም የማይጠራበት ስም ይሆናል። አውጚ ቋንቋ የራሱን ስም ሲጽፍ «ጚ»ን ይፈልጋል፤ ለአማርኛ ሆሄያት ብቻ የተሠራ ማጣሪያ ግን ጚን ይጥላታል። ፕሮግራመሩ ክፋት አስቦ አይደለም። ሲሞክረው የሞከረው በ«አበበ» እና በ«አዲስ አበባ» ስለሆነ ነው።

እንግዲህ ኮድ የምትጽፉ እኩዮቻችን፣ ሥራችሁን ከማስረከባችሁ በፊት አራት ነገር ሞክሩበት፤ ጥርባን በላቲን ከነጭረቷ፣ ሁዻ ያለበት የኦሮምኛ ስም፣ አውጚን ከነ«ጚ»ው፣ ጳጉሜ ላይ የዋለ ልደት። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነውና ኋላ ከምትለቅሙ አሁን አትቸኩሉ። ኮድ የማትጽፉ ደግሞ ፎርሙ ስማችሁን «ስህተት» ሲላችሁ እሺ ብላችሁ አትቁረጡት። የተሳሳተው ፎርሙ ነው።