ድሪቶን ለምን እንሰድባለን?

በአማርኛችን ውስጥ ያለ በደላቸው ከተዋረዱ ቃላት አንዱ «ድሪቶ» ነው። ደረተ ማለት ጨርቅን በጨርቅ ላይ እየደራረቡ መስፋት፣ ያለቀውን በሌላ ቁራጭ መደገፍ ነው። ከዚህ ከመልካም ግብር የተወለደው ስም ግን ወደ ስድብ ከወረደ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ችግረኛውን ለማቃለል «ድሪቶ ለባሽ» እንላለን። የተምታታ ንግግር ስንሰማ «የቃላት ድሪቶ» ብለን እናጣጥላለን። የሥነ ጽሑፍ ሰዎች ደግሞ ያልወደዱትን መጽሐፍ «ይህስ ድርሰት ሳይሆን ድሪቶ ነው» ይሉታል፤ ሁለቱ ቃላት በድምፅ መቀራረባቸው ስድቡን ያጣፍጠዋል። ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ ለዚህ ቃል ጥብቅና ልቆምለት ወደድኩ።

ለጥብቅና ያነሣሣኝ መዝገበ ቃላት ሳይሆን መርፌ ነው። የምኖረው በአሜሪካ፣ በሚኒሶታ ነው። ከቤቴ አቅራቢያ በሚገኝ የሉተራን ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ውስጥ በየማክሰኞው ጠዋት ለችግረኞች ብርድ ልብስ የሚሰፉ እናቶች ይሰበሰባሉ። እኔ የቤተ ክርስቲያኑ አባል አይደለሁም፤ የጋበዘችኝ ጎረቤቴ ናት፤ ይኸው አራተኛ ክረምቴን ይዣለሁ። አብዛኞቹ ከሰባ ዓመት ያለፉ ናቸው። በእኛ አገር ልብስ ሰፊው በሱቅ በረንዳ ላይ ሲንጀሩን ዘርግቶ የሚቀመጥ ወንድ ስለሆነ፣ ወንድ ልጅ መርፌ መያዙ እነርሱን እንጂ እኔን አላስገረመኝም። ይልቅስ የከበደኝ «አንቱ» በሌለበት ቋንቋ የእናቴን እኩያ በስሟ መጥራት ነበር።

ሥራው እንዲህ ነው። ከቤት የተረፈ መጋረጃ፣ አንሶላ፣ ሸሚዝና ቀሚስ ይሰበሰባል፤ ይታጠባል፤ ይተኮሳል፤ ጠንካራው ከሳሳው ይለያል፤ ከዚያም በእኩል ካሬ ይቆረጣል። ቁራጮቹ በመኪና ሲጋጠሙ ወርዱ 60፣ ቁመቱ 80 ኢንች የሆነ፣ ማለትም አንድ ሜትር ተኩል በሁለት ሜትር ያህል የሆነ ገጽ ይወጣቸዋል። ከሥሩ ገበር ይነጠፋል፤ ከመካከሉ ሙሌት ይገባል። ሦስቱ ድርብ እርስ በርስ እንዳይንሸራተቱ በየስንዝሩ ወፍራም ክር በመርፌ ወርዶ ይወጣና ሁለት ጊዜ ይቋጠራል። በመጨረሻም ጠርዙ ይዘመዘማል። አንዱ ብርድ ልብስ ሃምሳ ያህል ቋጠሮ ይፈጃል። ለአንድ ሰው አሰልቺ ሥራ ነው፤ በጠረጴዛው ዙሪያ ስምንት ሰው ሲቀመጥ ግን ጨዋታ ይሆናል። አበው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ያሉት እንዲህ ያለውን ነው።

ሥራው ካለቀ በኋላ የቡድኑ አንጋፋ እናት እያንዳንዱን ቋጠሮ በጣታቸው ሳብ ሳብ አድርገው ይፈትሻሉ። ከዚያም ሁልጊዜ አንዲት ጥያቄ ይጠይቃሉ፦ «እኔ ብሆን ይህን ለብሼ እተኛለሁ?» መልሱ «አይ» ከሆነ ስፌቱ ይተረተራል። አንድ ጠዋት ሙሉ የደከምንበት ሥራ፣ አንዲት ቁራጭ ሳስታ ብርሃን ስላሳየች ብቻ ሲተረተር አይቻለሁ። ማንም አላጉረመረመም።

እንግሊዝኛው ይህን ሥራ «ኩዊልት» ይለዋል፤ ስሙም በዚያ አገር የክብር ስም ነው። በ1837 እ.ኤ.አ. በጆርጂያ ግዛት በባርነት የተወለደችው ሃሪየት ፓወርስ የመጽሐፍ ቅዱስን ታሪኮች በጨርቅ ቁራጭ ሰፍታ ነበር። በ1891 እ.ኤ.አ. ችግር ሲጠናባት ያንን ሥራዋን በአምስት ዶላር ሸጠችው፤ ዛሬ በዋሽንግተን በስሚዝሶኒያን የአሜሪካ ታሪክ ሙዚየም እንደ ቅርስ ይጠበቃል። በአላባማ ግዛት ጊስ ቤንድ በምትባል መንደር የባሪያ ልጆችና የልጅ ልጆች የሆኑ ጥቁር ሴቶች፣ ካለቀ የሥራ ሱሪና ከዱቄት ከረጢት ልጆቻቸውን ከብርድ የሚያድኑበትን ልብስ ሲሰፉ ኖረዋል። በ2002 እ.ኤ.አ. ሥራቸው በኒው ዮርክ ዊትኒ ሙዚየም ግድግዳ ላይ ተሰቀለ፤ በ2006 እ.ኤ.አ. ደግሞ በአሜሪካ የፖስታ ቴምብር ላይ ታተመ። እነዚህ ሴቶች የሠሩት በእኛ አፍ ምን ተብሎ ይጠራል ቢባል፣ ከ«ድሪቶ» ሌላ ስም የለንም። ሥራው አንድ ነው፤ የተለየው የተመልካቹ ዓይን ነው።

«ይህ የፈረንጅ ወግ ነው» የሚለኝ ካለ ወደ ገዛ ቤታችን ልውሰደው። የብራና መጽሐፍ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ቆዳው ሲፋቅ የተቀደደ እንደ ሆነ ጸሐፊው አይጥለውም። ቀዳዳውን በክር ይሰፋዋል፤ ክቡሩን ቃልም በስፌቱ ዙሪያ ይጽፋል። የመጽሐፉን ገበታ ከፍተን ብንመለከት ደግሞ በቆዳው መካከል የተለጠፈ የሐር ወይም የጥለት ቁራጭ እናገኛለን። ሙሉ ልብስ ሊሆን የማይበቃው ቁራጭ ጨርቅ የቅዱስ መጽሐፍ ውስጠኛ ጌጥ ሆኖ ይኖራል። አባቶቻችን ለቁራጭ የሰጡት ቦታ ይህ ነበር። በአንጻሩ ደግሞ ሸማኔውን፣ ቀጥቃጩንና ፋቂውን የመስደብ ክፉ ልማድ ነበረን፤ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው መስደብን በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል። «ድሪቶ»ን ስድብ ያደረገው ይኸው በእጅ ሥራና በድህነት ላይ የሚያሾፍ ዓይን ይመስለኛል። አዋጁ ሰውን ከስድብ ለመጠበቅ ወጣ፤ ቃሉ ግን ጠበቃ አላገኘም።

ነገሩ የቃል ጉዳይ ብቻ ቢሆን ባልጻፍኩት ነበር። ከምንሰፋው ብርድ ልብስ ከፊሉ በከተማችን ላሉ መጠለያዎች ይሰጣል፤ ከፊሉ ደግሞ በሉተራን ወርልድ ሪሊፍ በኩል ባሕር ይሻገራል። ይህ ድርጅት በ1945 እ.ኤ.አ. ሲመሠረት የሚረዳው በጦርነት የፈራረሰችውን አውሮፓን ነበር። ያኔ ብርዱ የነካቸው ሰዎች፣ አብረውኝ የሚሰፉት እናቶች አያቶቻቸው የመጡበት አገር ሰዎች ናቸው። ዛሬ ሰጪ የሆነው ትናንት ተቀባይ እንደ ነበር የሚያስታውስ ሰው አሰጣጡ ይለያል።

እኔም ከተቀባዮች ወገን ነኝ፤ የወሎ ልጅ ነኝ። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. የዓለም ሕዝብ በቴሌቪዥን ያየው የኮረም ሜዳ ደጋ ነው። በዚያ ሜዳ ላይ ሰውን የጨረሰው ረሃብ ብቻ አልነበረም፤ የተራበ ገላ ሙቀቱን መያዝ ስለማይችል የሌሊቱ ብርድ አብሮ ይገድል ነበር። በእኛ ቤት ለብዙ ዓመታት የቆየ አንድ ግራጫ የዕርዳታ ብርድ ልብስ ነበር። አያቴ «የላከውን እግዜር ይስጠው» ሳይሉ ለብሰውት አያውቁም። ጠርዙ ሲያልቅ ከአሮጌ ቀሚሳቸው ቆርጠው ጣፉት፤ መካከሉ ሲሳሳም ሌላ ቁራጭ ደረቱበት። ከዕርዳታው ጆንያ ውስጥ ግን ሌላም ነገር ይወጣ ነበር፤ ቁልፍ የሌለው ኮት፣ ዚፑ የተሰበረ ሱሪ፣ ጥንድ የሌለው አንድ እግር ጫማ። ላኪው ማን እንደ ሆነ አናውቅም ነበር። ስለ እኛ ምን እንደሚያስብ ግን አንድ እግር ጫማው በሚገባ ይናገር ነበር።

ስለዚህ አቋሜ ይህ ነው። የሚያዋርደው የጨርቁ መጣፍ አይደለም። የሚያዋርደው እኛ የተጸየፍነውን፣ እጃችን ያልደከመበትን ነገር «ለድሃ ይበቃዋል» ብሎ መወርወር ነው። ከሃምሳ ቁራጭ የተሰፋና ቋጠሮው አንድ በአንድ የተፈተሸ ድሪቶ፣ ከሙሉ ጨርቅ ከተሰፋ ነገር ግን ከተጣለ ልብስ ይከብራል። ስጦታ ጨርቅ ብቻ ይዞ አይሄድም፤ ሰጪው ለተቀባዩ የሰጠውን ግምትም ይዞ ይሄዳል።

በዚህ ላይ የሚነሣ ክርክር አለ፤ ክርክሩም ቀላል አይደለም። «ብርድ ልብስ በመርከብ ከመጫን ገንዘቡን መላክ አይሻልም ወይ? የውጭ ልባሽ ጨርቅ የአገር ቤቱን ሸማኔ ገበያ አልዘጋበትም ወይ?» ይባላል። ብዙ ጊዜ እውነት ነው። ገበያ ባለበት ስፍራ ገንዘብ ፈጥኖ ይደርሳል፤ ተቀባዩም የሚያስፈልገውን ራሱ ይመርጣል። መምረጥም አንድ ክብር ነው። የመሬት መናወጥ ወይም ጦርነት ሱቁን ሁሉ በዘጋበት ሌሊት ግን ብር አይለበስም። በዚያች ሌሊት ያው ብርድ ልብስ ምንጣፍም፣ መጋረጃም፣ ሕፃን ማዘያም፣ የዕቃ መጠቅለያም ይሆናል። እንግዲህ ሁለቱ የሚጣሉ አይደሉም፤ ለየጊዜያቸው ናቸው።

በውጭ ለምንኖር ለእኛ ይህ ክርክር ሥራ እንጂ ሙግት ብቻ ሊሆን አይገባም። የጽዋ ማኅበር አለን፤ ሰንበቴ አለን፤ ዕድር አለን። በአገር ቤት በጦርነትና በድርቅ ከቀያቸው ለተፈናቀሉ ወገኖች ልብስ እንሰብስብ ሲባል፣ ከቁም ሳጥናችን ያስቸገረንን በጥቁር ላስቲክ አጭቀን ከማምጣት ይልቅ የተሻለ መንገድ አለ። ገንዘብ እናዋጣና ከሸማኔው ቡሉኮና ጋቢ እናሠራ፤ ሽሮ ሜዳ እንኳንስ ለመቶ፣ ለሺህም ይበቃል። ሸማኔው እንጀራ ያገኛል፤ ተፈናቃዩም የአገሩን ልብስ ይለብሳል። እዚሁ በምንኖርበት ከተማ ሌሊቱን በብርድ ለሚያድረው ደግሞ በወር አንድ ቀን ተሰብስበን እንስፋለት። ቡና ይፈላል፤ ጨዋታ ይደራል፤ እዚህ የተወለዱ ልጆቻችንም ከእናቶቻቸው አፍ አማርኛ እየሰሙ መርፌ ይይዛሉ። ደቦና ወንፈል ለአጨዳ ብቻ ነው ያለ ማነው?

የምንሰፋውን ምን ብለን እንጠራዋለን ለሚል መልሴ ዝግጁ ነው፤ ድሪቶ እንበለው። ያለ ሐፍረት፣ ሙሉ ድምፅ ሰጥተን እንጥራው። ከእንግዲህም አንድን መጽሐፍ «ድሪቶ ነው» ብሎ ለማጣጣል ብዕሩን የሚያነሣ ሐያሲ ካለ፣ አስቀድሞ ቋጠሮዎቹን አንድ በአንድ ይፈትሽ። ምናልባት የያዘው ሰውን ከብርድ የሚያድን ነገር ሊሆን ይችላል።

ቸር እንሰንብት።