እንሰትን በዋናነት ማጥናት ያለብን እኛ ነን

እንሰት ተተክሎ ለቆጮና ለቡላ እስኪደርስ እንደ አካባቢው አየር ከ4 እስከ 7 ዓመት ይፈጃል። ስለሆነም የአጠውልግ በሽታ በወላይታ ወደ አንድ ገበሬ ጓሮ ሲገባ የሚያጠፋው የአንድ መኸር ምርት ብቻ አይደለም፤ የዓመታት ድካምንና የቤተሰቡን የክፉ ቀን ስንቅ ጭምር ነው።

የበሽታው መንስኤ ባክቴሪያ መሆኑን ዳኛቸው ይርጉና ጄ. ኤፍ. ብራድበሪ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1968 ለሳይንሱ ዓለም አስታውቀዋል። ከዚያ ወዲህ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ቢያልፍም የታመመውን እንሰት የሚያድን መድኃኒት ለገበሬው አልቀረበም። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ ሌላ ባክቴሪያ የወላይታንና የአጎራባች አካባቢዎችን ዝንጅብል አጠውልጎ ብዙ ቤተሰብን ከገበያ አስወጥቷል።

መርጨት ባላዳነበት ቦታ ሌላ መንገድ መፈለግ ግድ ነው። ለዚህም የዶክተር ሰገነት ቀለሙ የሥራ ዘመን ጥሩ ትምህርት ይሰጣል። በጎጃም ፍኖተ ሰላም የተወለዱት እኚህ ሳይንቲስት በዓለማያ እርሻ ኮሌጅ ተምረው፣ በአሜሪካ በሞንታናና በካንሳስ ስቴት ዩኒቨርሲቲዎች ከፍተኛ ትምህርታቸውን ካጠናቀቁ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ከ1992 እስከ 2007 በኮሎምቢያ በሚገኘው ዓለም አቀፍ የትሮፒክ እርሻ ማዕከል ሠርተዋል። ከተመራመሩባቸው ጉዳዮች አንዱ በብራኪያሪያ የከብት መኖ ሣር ውስጥ የሚኖሩ፣ ሣሩን ሳይጎዱ በሽታን እንዲቋቋም የሚረዱት ደቂቅ ተሕዋስያን ናቸው። በዚህ መስክ ላበረከቱት ሥራ እ.ኤ.አ. በ2014 የሎሬያልና የዩኔስኮ የሴት ሳይንቲስቶች ሽልማት ተሰጥቷቸዋል።

የዘዴው መሠረት ለገበሬው እንግዳ አይደለም። ጠቃሚው ተሕዋስ የጠላቱን ቦታና ምግብ ቀድሞ ይይዛል፤ ወይም የሚጎዳውን ነገር ያመነጫል፤ ወይም ተክሉ ራሱን እንዲከላከል ያነቃቃዋል። አስቸጋሪው ነገር በቤተ ሙከራ ሰሐን የሠራው በማሳ ላይ፣ በአፈሩ፣ በፀሐዩና በዝናቡ መካከል ሊከሽፍ መቻሉ ነው። ስለዚህ ረጅም ጊዜና ያልተቋረጠ ክትትል ይጠይቃል።

ብራኪያሪያ የአፍሪካ ሣር ሆኖ ሳለ በላቲን አሜሪካ የተጠናው በዚያ ያሉ ከብት አርቢዎች በሰፊው ስለዘሩት ነው። እንሰት ግን እንዲህ ያለ ዕድል የለውም። ለምግብነት ተኮትኩቶ የሚለማው በኢትዮጵያ ብቻ በመሆኑ፣ ከሁሉ በፊት ሊጠና የሚገባው እዚሁ ነው። ስለዚህ የአረካ እርሻ ምርምር ማዕከልና የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ለዚህ ሥራ የተመቸ ቦታ ላይ ናቸው። ሆኖም ተማሪው ሲመረቅ ወይም በጀቱ ሲያልቅ የሚቆም ጥናት ፍሬ አያፈራም። አንድ የተመራማሪዎች ቡድን በአንድ ጉዳይ ላይ 10 እና 15 ዓመት እንዲቆይ በጀትና ዋስትና ሊሰጠው ይገባል።

ገበሬው ይህን ያህል ጊዜ ሊጠብቅ አይችልም የሚባለው እውነት ነው። ነገር ግን እስከዚያው የሚሠራ ሥራ አለ። በሽታው ከሚዛመትባቸው መንገዶች ዋነኛው የታመመ ተክል የነካ ቢላዋ በመሆኑ፣ ቢላዋውን በእሳት ማቃጠል፣ የታመመውን ነቅሎ መቅበር፣ ቅጠሉን ለከብት አለመስጠትና ችግኝ ከንጹሕ ጓሮ ብቻ መውሰድ ይገባል። ማዚያ የተባለው የእንሰት ዓይነት በሽታውን ከብዙዎቹ በተሻለ እንደሚቋቋምም በምርምር ታይቷል።

ይህ ሁሉ ግን አንዱ ሲያደርገው ጎረቤቱ ከተወው ከንቱ ነው፤ መንደሩ በአንድነት ሊነሣበት ይገባል። ከዚህም ሌላ እንሰት የሚፍቁትና የሚያዘጋጁት ሴቶች ሆነው ሳለ ለሥልጠና አባወራውን ብቻ መጥራት ቢላዋ የያዘውን እጅ መዘንጋት ነው። ነገ ጠቃሚው ተሕዋስ ተገኝቶ ለገበሬው ቢታደል እንኳ፣ በቆሸሸ ቢላዋ የሚዛመተውን በሽታ ብቻውን አይገታውም። ምርምሩና ንጽሕናው አንዱ የሌላው ምትክ ሳይሆኑ ጎን ለጎን መሄድ አለባቸው።